ሙት ወቃሽ ላለመሆን መጽሐፉን ያስቀረው የሰው ልጅ እንቅስቃሴ መርማሪ

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1936 መባቻ፣ ሶቭየት ኅብረት ውስጥ የአንድ መጽሐፍ ፊደል ተለቅሞና የእርማት ቅጂው ወጥቶ ለኅትመት ተሰናድቶ ነበር። ደራሲው የ39 ዓመቱ ሐኪምና ተመራማሪ ኒኮላይ አሌክሳንድሮቪች በርንስታይን ነው። መጽሐፉ የሚሞግተው ደግሞ የ1904 የኖቤል ተሸላሚውን፣ በአገሩ ከማንም የሕይወት ሳይንስ ሊቅ በላይ ይከበር የነበረውን ኢቫን ፓቭሎቭን ነበር።

መጽሐፉ ለአንባቢ ከመድረሱ በፊት፣ በዚያው ዓመት የካቲት ወር፣ ፓቭሎቭ በ86 ዓመቱ አረፈ። በርንስታይንም ኅትመቱ እንዲቆም አደረገ። በቅርብ የሚያውቁት ሰዎች በኋላ እንደተረኩት፣ መልስ ሊሰጥ ከማይችል ሰው ጋር መሟገትን አልወደደም። የተለቀመው ፊደል ተበተነ፤ መጽሐፉም ቀረ። በአማርኛ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ብሎ ነገር መጀመር የተለመደ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ከዚያ ቃል ቀጥሎ ወቀሳው ይከተላል። በርንስታይን ወቀሳውን በእርግጥም ተወው።

ከ14 ዓመታት በኋላ በዚያው በፓቭሎቭ ስም ከቤተ ሙከራው እንደሚባረር ያኔ የሚያውቅ አልነበረም።

የሰው ልጅ እንቅስቃሴ ሳይንስ ዛሬ ራሱን የቻለ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ነው። ሰው እንዴት እንደሚራመድ፣ እንደሚሮጥ፣ ዕቃ እንደሚያነሳ፣ ከጉዳት በኋላም እጁንና እግሩን ማዘዝን እንደገና እንዴት እንደሚማር ያጠናል። የስፖርት አሠልጣኞች፣ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችና የሮቦት መሐንዲሶች በየፊናቸው ከዚህ ትምህርት ይቀዳሉ። የትምህርቱን መሠረት ከጣሉት ጥቂት ሰዎች አንዱ የሆነው በርንስታይን ግን ከሙያው ውጭ ስሙ እምብዛም አይነሳም።

ከሐኪም ቤት የተገኘ ልጅ

በርንስታይን በ1896 በሞስኮ ተወለደ። አባቱ አሌክሳንደር በርንስታይን በዘመኑ የታወቀ የአእምሮ ሐኪም ነበር። አያቱ ናታን በርንስታይን በኦዴሳ ከተማ ሐኪምና የፊዚዮሎጂ ሊቅ ነበር። የአባቱ ወንድም ሰርጌይ በርንስታይን ደግሞ ስሙ ከሩሲያ አልፎ የተሰማ የሒሳብ ሊቅ ነው። ከትውልዱ ከአይሁድ ወገን የሆነው ይህ ቤተሰብ መጽሐፍና ሙዚቃ የማይለዩት ነበር። ልጁ ቋንቋዎችን አጠና፤ ፒያኖ ተጫወተ። ለድልድዮችና ለባቡር ሞተሮች ልዩ ፍቅር ስለነበረው ትንንሽ አምሳያዎቻቸውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር። ወንድሙም አድጎ የድልድይና የሕንፃ መዋቅር መሐንዲስ ሆነ።

በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የጀመረው የቋንቋና የታሪክ ትምህርት ነበር። በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ወደ ሕክምና ተሻገረ። በ1919 ተመርቆ እንደወጣ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ለነበረው ቀይ ጦር በሐኪምነት ዘመተ። ሲመለስ ለአጭር ጊዜ የአባቱን ሙያ ይዞ በአእምሮ ሕክምና ሠራ። የሕይወቱን መንገድ የወሰነው ግን በ1922 የገባበት አንድ እንግዳ ተቋም ነው።

የተቋሙ ስም የሠራተኛ ማዕከላዊ ኢንስቲትዩት ይባላል። መሥራቹ አሌክሴይ ጋስቴቭ ገጣሚም፣ የብረት ሠራተኛም፣ አብዮተኛም ነበር። ጋስቴቭ ከገበሬነት ገና ያልተላቀቀውን የአገሩን ሠራተኛ እንደ ማሽን የተስተካከለ፣ አንዲት ቅንጣት ጉልበት የማያባክን የፋብሪካ ሰው ለማድረግ ይመኝ ነበር። ለዚህም እያንዳንዱ የሥራ እንቅስቃሴ ተበጥሶ ተጠንቶ፣ ትክክለኛው መንገድ ተለይቶ፣ ለሁሉም በአንድ ዓይነት መሰጠት ነበረበት። የመጀመሪያው የጥናት ርዕስ ቀላል መሳይ ነበር፤ በመሮ ላይ የሚያርፍ መዶሻ።

መዶሻው የተናገረው

እንቅስቃሴን በፎቶግራፍ መቅረጽ ከበርንስታይን በፊትም ነበር። በፈረንሳይ ኤቲየን ዡል ማሬ የሰውንና የእንስሳትን አካሄድ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በፊት ቀርጿል። በጀርመን ብራውነና ፊሸር የአንድን ተራማጅ እርምጃ ለመለካት ሰውየውን በመብራት ቱቦዎች ጠፍረው ለሰዓታት ያዘጋጁ፣ ከዚያም ውጤቱን ለማስላት ወራት ይፈጁ ነበር። በርንስታይን የፈለገው ሠራተኛው በሥራው ላይ እንዳለ፣ ሳይታሰርና ሳይደናቀፍ የሚለካበትን ዘዴ ነው።

ዘዴው እንዲህ ነበር። በሠራተኛው ትከሻ፣ ክርን፣ የእጅ አንጓና በመዶሻው ላይ ጥቃቅን አምፖሎች ይታሰራሉ። በካሜራው ፊት ቀዳዳ ያለው ዲስክ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ብርሃኑን በሰከንድ ደጋግሞ ይቆራርጠዋል። ፊልሙ ላይ የሚቀረው የሰውየው መልክ ሳይሆን የነጠብጣብ ሰንሰለት ነው፤ ነጠብጣቦቹ ሲራራቁ ፍጥነት፣ ሲቀራረቡ ዝግታ ይነበባል። ተደጋጋሚ እንቅስቃሴዎች አንዱ በአንዱ ላይ እንዳይደራረቡ በርንስታይን ፊልሙ ራሱ በዝግታ እንዲንቀሳቀስ አደረገ። ሦስተኛውን አቅጣጫ ለማግኘት መስተዋት ጨመረ። ከነጠብጣቡ ፍጥነትን፣ ከፍጥነቱ ለውጥ ደግሞ በእያንዳንዱ መገጣጠሚያ ላይ ያረፈውን ኃይል በሒሳብ አወጣ። ዛሬ የፊልምና የስፖርት ባለሙያዎች በኮምፒዩተር የሚሠሩትን እሱ በወረቀትና በእርሳስ ሠራው።

የተገኘው ውጤት ጋስቴቭ የጠበቀው አልነበረም። መዶሻ በመጣል የኖረ የሠለጠነ ሠራተኛ ምት ከምት ሲነጻጸር የመዶሻው ጫፍ መሮው ላይ የሚያርፍበት ቦታ ያው ነው። ወደዚያ የሚወስዱት የትከሻ፣ የክርንና የአንጓ እንቅስቃሴዎች ግን በእያንዳንዱ ምት ይለያያሉ። ትከሻው ትንሽ ቢያልፍ ክርኑ ይመልሰዋል፤ ክርኑ ቢያንስ አንጓው ይሞላለታል። ሁለት ፍጹም ተመሳሳይ ምቶች አልተገኙም።

በዚህ ግኝት ላይ ቆም ማለት ይገባል፤ የበርንስታይን የቀሪ ዕድሜ ሥራ ከሞላ ጎደል ከዚህ ይመዘዛልና። አንጎል በትክክለኛው ቀመር የተሠራ አንድ ትእዛዝ በጓዳው አስቀምጦ በየጊዜው የሚያወጣው ቢሆን ኖሮ ምቶቹ እንደ ማኅተም አንድ ዓይነት በሆኑ ነበር። ጀማሪና ባለሙያ የሚለዩትም ባለሙያው አንድ ዓይነት መንገድ ስለሚደግም አይደለም። ባለሙያው የሚደግመው ችግሩን የመፍታት ሂደቱን ነው፤ መፍትሔውን በየጊዜው አዲስ አድርጎ ያበጀዋል። ሠራተኛን እንደ ማሽን ለማስተካከል የተቋቋመው ተቋም የሰው እጅ እንደ ማሽን እንደማይሠራ የሚያሳየውን ማስረጃ በገዛ ቤተ ሙከራው አገኘ።

በርንስታይን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተቋሙን ለቀቀ። ጋስቴቭ ራሱ በ1938 የስታሊን አፈና ሰለባ ሆኖ ታሰረ፤ በተከታዩ ዓመት ተገደለ።

ፒያኖ፣ ሕፃናትና ፈረንሳዊው ሯጭ

በ1926 በርንስታይን «ጠቅላላ ባዮሜካኒክስ» የተሰኘ መጽሐፉን አሳተመ። በዚያው አሥርት ዓመት ከባልደረባው ታቲያና ፖፖቫ ጋር ፒያኖ ተጫዋቾችን ቀረጸ። ኦክታቭ የሚባለውን ምት ደጋግመው ሲጫወቱ ዝግተኛው ምት እና ፈጣኑ ምት የአንዱ እንቅስቃሴ ቀርፋፋና ቶሎ ቶሎ መልክ ብቻ ሆነው አልተገኙም። ፍጥነቱ ሲጨምር የክንዱ አሠራር ራሱ ተለወጠ። በዝግታ ደጋግሞ መለማመድ ወደ ፍጥነት የሚያደርስ ብቸኛ መንገድ መሆኑን ለሚያምኑ የሙዚቃ መምህራን ይህ ደስ የሚል ዜና አልነበረም።

ከመዶሻና ከፒያኖ ቀጥሎ ወደ እግር ወረደ። የሰው አካሄድ ጥናቱ መነሻ የእግረኛ ድልድዮች የሚሸከሙትን ጫና የማወቅ ፍላጎት ነበር፤ ድልድይ ይወድ ለነበረው ሰው የሚመች አጋጣሚ ነው። ቀጥሎም መራመድ የጀመሩ ሕፃናትን ለዓመታት ተከታተለ። የሕፃኑ እርምጃ ከውጭ ሲታይ የአዋቂን ይመስላል፤ በኃይሎቹ ሥዕል ውስጥ ግን የአዋቂ እርምጃ ያሉት ዝርዝሮች የሉትም። እነዚያ ዝርዝሮች ቀስ በቀስ ይወለዳሉ፤ በአንድ ወቅት ከአዋቂውም ይበዛሉ፤ ከዚያ ትርፉ እየተገረዘ ይወድቃል። መራመድ ተሠርቶ የሚወረስ ሳይሆን በዓመታት የሚገነባ ነገር ሆኖ ታየው።

በ1930ዎቹ ሞስኮ በሚገኘው የአካል ማጎልመሻ ማዕከላዊ ኢንስቲትዩት ሲሠራ አትሌቶች የምርምሩ ዋና ርዕስ ሆኑ። ከቀረጻቸው ሯጮች አንዱ ፈረንሳዊው ዡል ላዱሜግ ነው። ላዱሜግ በ1928ቱ የአምስተርዳም ኦሊምፒክ በ1500 ሜትር የብር ሜዳሊያ አግኝቷል፤ በ1930 ያንኑ ርቀት ከ3 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል። ከሩጫ ገንዘብ ተቀብሏል በሚል ከአማተር ውድድር ለዕድሜ ልክ ከታገደ በኋላ ነበር ሞስኮ የመጣው። ነጠብጣቦቹ ሲነበቡ ታላቁን ሯጭ ከተራው የሚለየው በጡንቻው ብርታት ብቻ አልሆነም። ላዱሜግ የመሬትን ግፊትና የገዛ እግሩን ክብደት ውርወራ አይታገልም፤ ወደ ራሱ ጥቅም ያዞራቸዋል። ጀማሪ ሰውነቱን አደርቆ እነዚህን ኃይሎች ይከላከላል፤ ሲለምድ መገጣጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ይለቃል፤ የሠለጠነው ሰው ግን ኃይሎቹን እንደ አገልጋይ ያሠራቸዋል።

በ1935 በርንስታይን የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲከላከል ሳይጠየቅ በሥራዎቹ ብዛትና ክብደት ብቻ የሕክምና ሳይንስ ዶክትሬት ተሰጠው።

ቅስት ወይስ ቀለበት

ከፓቭሎቭ ጋር ያጋጨው ሐሳብ በዚያው ዓመት በታተመ ጽሑፉ ውስጥ ተቀምጧል። ፓቭሎቭ ውሻን በማሠሪያ አቁሞ ደወልን ወይም ሌላ ምልክትን ከምግብ ጋር አጣምሮ ምራቁን ለካ። ከዚህ በመነሳት የእንስሳት፣ በመጨረሻም የሰው ጠባይ የሪፍሌክስ ድርድር ነው የሚል ትምህርት ተዘረጋ፤ ከውጭ መነሾ ይገባል፣ በነርቭ ያልፋል፣ ምላሽ ሆኖ ይወጣል። መንገዱ እንደ ቅስት ከአንድ ጫፍ ተነስቶ በሌላው ጫፍ ያልቃል።

በርንስታይን የፓቭሎቭን ሙከራዎች አልካደም። የጠየቀው የታሰረ እንስሳ ምራቅ ስለሚሠራ፣ ስለሚሮጥና ስለሚጽፍ ሰው ምን ያህል ይናገራል ብሎ ነው። የሰው ክንድ ከትከሻ እስከ አንጓ ብቻ በሰባት መንገድ ሊዞርና ሊታጠፍ ይችላል፤ ጣቶቹ ሲጨመሩ ቁጥሩ ብዙ ነው። ወደ አንድ ጡንቻ የሚላከው አንድ ዓይነት የነርቭ ትእዛዝ ክንዱ ተዘርግቶ ሳለ አንድ ውጤት፣ ታጥፎ ሳለ ሌላ ውጤት ያመጣል፤ ክንዱ በፍጥነት ላይ ከሆነ ደግሞ ሦስተኛ። ስለዚህ አንጎል አስቀድሞ በተጻፈ ትእዛዝ ብቻ እጅን ወደ ጽዋው ማድረስ አይችልም። በየቅጽበቱ ከጡንቻ፣ ከመገጣጠሚያና ከዓይን የሚመለሰውን ወሬ መስማት፣ ከታሰበው ጋር ማመዛዘንና ማረም አለበት። የቅስቱ ጫፎች ተጋጥመው ቀለበት ሆኑ። ኖርበርት ዊነር ሳይበርኔቲክስን ለዓለም ያስተዋወቀበት መጽሐፍ የታተመው ከዚህ 13 ዓመታት በኋላ በ1948 መሆኑን ማስታወስ የሐሳቡን ቀዳሚነት ያሳያል።

ከቀለበቱ የሚከተለው ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነበር። የሚመለሰው ወሬ ከታሰበው ጋር የሚመዘን ከሆነ የታሰበው ነገር ከእንቅስቃሴው አስቀድሞ በአንጎል ውስጥ መኖር አለበት። እንግዲያስ ሕያው ፍጡር ከውጭ ሲነካ ብቻ የሚመልስ አይደለም፤ ገና ያልሆነውን፣ ሊሆን የሚገባውን እያሰበ ወደዚያ የሚሠራ ነው። በርንስታይን በመጨረሻ ዘመኑ ይህን የንቃት ፊዚዮሎጂ ብሎ ሊጠራው በሚችል አዲስ ትምህርት አስፋፋው።

ጦርነትና ሽልማት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንቅስቃሴ ሳይንስን ከስታዲየም ወደ ሆስፒታል አወጣው። እጃቸው በጥይትና በፍንጣሪ የተጎዳ ወታደሮች በብዙ ሺህ ይጎርፉ ነበር። በበርንስታይን ሐሳብ የተመሩት የሥነ ልቦና ሊቃውንት አሌክሴይ ሌኦንቴቭና አሌክሳንደር ዛፖሮዤትስ በተሃድሶ ሆስፒታል አንድ ነገር አስተዋሉ። የተጎዳው ወታደር ዝም ብሎ ክንድህን አንሳ ሲባል እስከ አንድ ከፍታ ያነሳል። አንድ ነጥብ ተሰጥቶት ያን ንካ ሲባል ከፍ ያደርጋል። የሚይዘው ዕቃ ከፊቱ ከተሰቀለለት ደግሞ ከሁሉም በላይ ይዘረጋል። መገጣጠሚያው ያው፣ ጡንቻውም ያው ነው፤ የተለወጠው ዓላማው ብቻ ነው። የጦርነቱ ዘመን ተሃድሶ ከባዶ የጂምናስቲክ ልምምድ ይልቅ በእውነተኛ ሥራ ላይ እንዲያተኩር ይህ ምክንያት ሆነ።

በ1947 የበርንስታይን ትልቁ መጽሐፍ «ስለ እንቅስቃሴዎች አገነባብ» ታተመ። በጦርነቱ ለወደቁት መታሰቢያነት የተበረከተ ነው። በመጽሐፉ እንቅስቃሴን የሚመራው አንድ አዛዥ ሳይሆን ከታች ወደ ላይ የተደራጁ አምስት እርከኖች መሆናቸውን ተነተነ። ዝቅተኛው የጡንቻን ውጥረትና የአቋምን ሚዛን ይጠብቃል፤ ከሱ በላይ ያለው ብዙ ጡንቻዎችን በአንድ ምት ያስተባብራል። ሦስተኛው እንቅስቃሴን ከውጭው ዓለም ስፍራና ርቀት ጋር ያገጣጥማል። አራተኛው ዕቃን ለታሰበ ሥራ ይጠቀማል፤ አምስተኛው ንግግርንና ጽሕፈትን የመሰለ ትርጉም ያለው ሥራ ይመራል። አንድ ሰው ብስክሌት ሲለምድ መጀመሪያ ሁሉንም በሐሳቡ ይቆጣጠራል፤ ቆይቶ ዝርዝሩ ለታችኞቹ እርከኖች ይተላለፍና አእምሮው መንገዱን ለማየት ነፃ ይወጣል።

በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሥዕሎች አንዱ ዛሬም በዩኒቨርሲቲ መማሪያዎች ይታያል። በርንስታይን ቅንጅት የሚል ትርጉም ያለውን የሩሲያኛ ቃል በቀኝ እጁ ጻፈ፤ ቀጥሎ እርሳሱን ወደ ክንዱና ወደ ትከሻው፣ በጫማው ጫፍ፣ በጥርሱ፣ በመጨረሻም በግራ እጁ አድርጎ ያንኑ ቃል ጻፈ። ጽሑፎቹ ይንቀጠቀጣሉ፤ ሆኖም የአንድ ሰው የእጅ ጽሑፍ መሆናቸው ይለያል። የጻፉት ጡንቻዎች ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። እንግዲያው አንጎል የያዘው የጡንቻዎችን ቅደም ተከተል ሳይሆን የፊደሉን ቅርጽ ነው።

በ1946 የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ ተባባሪ አባል ሆኖ ተመርጦ ነበር። በ1948 ደግሞ ለዚህ መጽሐፍ የስታሊን ሽልማት ተሰጠው። ከዚህ በላይ የሚከበርበት ማዕረግ ለአንድ የሶቭየት ተመራማሪ ብዙም አልነበረም፤ ክብሩ ግን ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልቆየም።

በፓቭሎቭ ስም

በ1940ዎቹ መጨረሻ ሥር የለሽ ዓለማቀፋዊያን በተባሉ ምሁራን ላይ ዘመቻ ተከፈተ። ዋነኞቹ ዒላማዎች የአይሁድ ተወላጆች ነበሩ። የበርንስታይን ተቺዎች መጽሐፉ የውጭ አገር ሳይንቲስቶችን ስም ይደረድራል፣ ፓቭሎቭን ግን ይዘነጋል አሉ። በ1950 ክረምት የሳይንስ አካዳሚና የሕክምና ሳይንስ አካዳሚ በጋራ ጉባኤ ተቀመጡ። ጉባኤው የፓቭሎቭን ትምህርት የፊዚዮሎጂ ብቸኛ ትክክለኛ መንገድ አደረገው፤ ከዚያ የወጡ ሁሉ በአደባባይ ንስሐ እንዲገቡ ይጠበቅ ነበር። ፓቭሎቭ በሕይወት በነበረበት ዘመን ከባለሥልጣናት ጋር በግልጽ ይጋጭ የነበረ፣ ተቃራኒ ሙከራ ሲያይ ሐሳቡን የሚያሻሽል ሰው ነበር። ከሞተ ከ14 ዓመታት በኋላ ስሙ የሌሎችን አፍ መዝጊያ ሆነ።

በርንስታይን ቤተ ሙከራውን አጣ። የ54ኛ ዓመት ልደቱን ያከበረው ያለ ተማሪና ያለ መሣሪያ ነው። ኑሮውን የውጭ አገር የሳይንስ ጽሑፎችን እያነበበ በሩሲያኛ አጭር መግለጫ በመጻፍ ገፋ። ተቺዎቹ የውጭ ሰዎችን ያነባል ብለው የከሰሱት ሰው በእንጀራ ሥራው የሚያነበው የውጭ ሰዎችን ብቻ ሆነ፤ በዓለም የፊዚዮሎጂና የሒሳብ ምርምር የደረሰበትን ከብዙ ባለ ወንበር ፕሮፌሰሮች በተሻለ የተከታተለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በዚህ ማዕበል ውስጥ የቀረ ሌላ ሥራም ነበረው። «ስለ ቅልጥፍናና ስለ እድገቱ» የተሰኘው ይህ መጽሐፍ ለተራ አንባቢ የተጻፈ፣ በምሳሌና በጨዋታ የተሞላ ነው። ቅልጥፍና ፍጥነት ወይም ጉልበት ብቻ አይደለም ይላል፤ ሳይታሰብ ለመጣ ለማንኛውም ችግር የሚሆነውን እንቅስቃሴ ፈጥኖ ማግኘት ነው። መጽሐፉ ሳይታተም በወረቀቶቹ መካከል ተቀመጠ።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ስታሊን በ1953 ሲሞት ነፋሱ ቀስ በቀስ ተለወጠ። በርንስታይን ወደ ቤተ ሙከራ አልተመለሰም፤ ወደ እሱ ግን ወጣቶች መጡ። የሒሳብ ሊቁ እስራኤል ጌልፋንድና ሚካኢል ፅትሊን የመሠረቱት ሴሚናር ሐኪሞችን፣ የሒሳብና የፊዚክስ ሰዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ሕያው አካል እጅግ ብዙ ነፃነት ያላቸውን ክፍሎቹን እንዴት በአንድ ዓላማ ያዛል እያለ ይጠይቅ ነበር። ጥያቄው በርንስታይን ከ1920ዎቹ ጀምሮ ይዞት የኖረው ነው። በዘመኑ መጨረሻ ያቆመው ትልቅ ጽሑፍም ይህንኑ ይላል፤ ቅንጅት ማለት ትርፍ የሆኑትን የነፃነት መንገዶች መግራት ነው።

ከዚህ ክበብ የወጡት ሺክ፣ ሴቨሪንና ኦርሎቭስኪ በ1966 የድመትን መካከለኛ አንጎል አንድ ቦታ በኤሌክትሪክ ሲነኩ ድመቷ በሚሽከረከር ምንጣፍ ላይ መራመድ እንደምትጀምር አሳዩ። ኤሌክትሪኩ ሲበረታ እርምጃው ሶምሶማ፣ ከዚያም ግልቢያ ሆነ። ከላይ የመጣው ትእዛዝ ቀላል ነበር፤ ዝርዝሩን የሠሩት የታችኞቹ እርከኖች ናቸው።

በርንስታይን ያን ኅትመት ለማየት አልደረሰም። በ1960ዎቹ አጋማሽ በገዛ ሰውነቱ ላይ የጉበት ካንሰር ምልክቶችን አየ። ሐኪም በመሆኑ ስንት ጊዜ እንደቀረው ለመገመት አልተቸገረም። የሐኪም ክትትሉን ተወ፤ ሕመሙን ለብዙዎች ሳይናገር የዕድሜ ልክ ጽሑፎቹን የያዘውን «የእንቅስቃሴ ፊዚዮሎጂና የንቃት ፊዚዮሎጂ ድርሳናት» የተሰኘ መጽሐፍ ለማጠናቀቅ ተቀመጠ። ሥራውን ጨረሰ። በጥር 1966 በሞስኮ ሲያርፍ 69 ዓመቱ ነበር፤ መጽሐፉ በዚያው ዓመት ወጣ።

በተከታዩ ዓመት የጽሑፎቹ ስብስብ በእንግሊዝኛ ታተመ። ሩሲያኛ የማያነቡት ተመራማሪዎች ለዐሥርት ዓመታት ሲደክሙበት የነበረውን ችግር አንድ የማያውቁት ሰው ከ30 ዓመታት በፊት በግልጽ እንዳስቀመጠው አዩ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ በአሜሪካና በአውሮፓ የእንቅስቃሴ ጥናት ክፍሎች የሱን ጥያቄ መነሻ አድርገው ተደራጁ። ስትሮክ የመታቸውን ሰዎች የሚያክሙ ባለሙያዎች አንድን እንቅስቃሴ እንደ ፀሎት ከማስደገም ይልቅ ለበሽተኛው የሚፈታ ችግር መስጠትን መረጡ። ሮቦት ሠሪዎችም በፋብሪካ ወለል ላይ አንድ መንገድ የሚደግም ክንድ መሥራት ቀላል መሆኑን፣ በኮረብታ ላይ የሚራመድ እግር መሥራት ግን ሌላ መሆኑን ተማሩ።

ተማሪውና የሕይወት ታሪኩ ጸሐፊ ዮሲፍ ፌይገንበርግ የቅልጥፍናውን መጽሐፍ ረቂቅ አግኝቶ በ1991 ለኅትመት አበቃው፤ ሶቭየት ኅብረት የፈረሰችበት ዓመት ነው። በ1936 ፊደሉ የተበተነው መጽሐፍም ጨርሶ አልጠፋም ነበር። አንድ የእርማት ቅጂ ተርፏል። በውስጡ በርንስታይን ፓቭሎቭን ነጥብ በነጥብ፣ በአክብሮትና ያለ ምሕረት ይሞግታል። ያ መጽሐፍ በሩሲያ ታትሞ የወጣው በ2003፣ ከ67 ዓመታት በኋላ ነው።